የጎመን ምንቸት ታሪክ

ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ፣ የመስቀልም ችቦ ሲበራ፣ ወላጆቻችን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲሉ ሰምተን አድገናል። ልጆች ሳለን ይህ አነጋገር የበዓል ጨዋታ ብቻ ይመስለን ነበር። ካደግን በኋላ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የአንድ ሕዝብ የዓመት ኑሮ ተጠቃሎ አገኘነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል፣ አዲሱም እህል ገና በማሳ ሳለ፣ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚያሻግረው በጓሮ የበቀለው ጎመን ነበር። እሸቱ ሲደርስ ግን ያ ጎመን የተቀቀለበት ምንቸት «ውጣ» ተብሎ ይሰናበታል። በችግር ቀን ተጠርቶ በጥጋብ ቀን ይባረራል ማለት ነው።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ያን የተባረረውን ምንቸት ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤት መልሰን ታሪኩን ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። ታሪክ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ንጉሡም ሆነ ወታደሩ፣ ካህኑም ሆነ ገበሬው፣ በየቀኑ ሲመሽ የሚጠብቀው ከምድጃ የሚወጣውን ወጥ ስለ ሆነ፣ የምድጃውም ነገር የታሪክ ክፍል መሆኑ ሊካድ አይገባም። በተለይም ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ፣ ከጎመን፣ ከምስር፣ ከሽምብራና ከአተር ብቻ ሰውን የሚያጠግብ ማዕድ ማሰናዳት በአገራችን እንዴት ያለ ጥበብ ሆኖ እንዳደገ ማወቅ ይገባናል። ይህን የምንለው ጥበቡ ዛሬ በእጃችን ላይ ሳለ ሊጠፋ የተቃረበ ስለ መሰለን ነው።

የጥራጥሬ ወጥ በአገራችን የትናንት ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኙ ዋሻዎች ቁፋሮ ያደረጉ ተመራማሪዎች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የገብስ፣ የሽምብራና የሌላም ጥራጥሬ ቅሪት አግኝተዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአክሱም በተደረገው ቁፋሮም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ተልባና ኑግ ከጥንቱ ቤቶች አፈር ውስጥ ወጥተዋል። እንግዲህ ሐውልቶቹን ያቆሙት ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚቀርብላቸው እህል ዛሬ በእናቶቻችን ጓዳ ካለው ብዙ የራቀ አልነበረም ማለት ነው።

ከእነዚህ እህሎች አንዳንዶቹ በጥንት ዘመን ከምሥራቅ ቅርብ አገሮች የመጡ ናቸው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሌሎቹ ግን የራሳችን ምድር ያበቀለቻቸው ናቸው። ጤፍን ከዱር ሣርነት አውጥቶ እህል ያደረገው፣ ኑግንም ከዱር ዘመዶቹ ለይቶ የዘይት እህል ያደረገው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። እንሰትና ኮረሪማም የኢትዮጵያ ተወላጆች ናቸው። ጎመን ዘር የሚባለውንም ተክል የውጭ አገር የዕፀዋት ሊቃውንት እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ስም ይጠሩታል።

ይህን ነገር በዓለም ፊት ካስታወቁት ሰዎች አንዱ መስኮባዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ይህ ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፣ በጊዜው አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ እየተጓዘ ከየገበሬው ማሳ ዘር ሰበሰበ። ሲመለስም ኢትዮጵያ ለሰው ልጅ ምግብ የሆኑ ተክሎች ከፈለቁባቸው የዓለም ማእከሎች አንዷ መሆኗን ጻፈ። የሚያሳዝነው ግን፣ ረኃብን ለማጥፋት ዘር ሲሰበስብ የኖረው ይህ ሰው በገዛ አገሩ መንግሥት ታስሮ በ1935 ዓ.ም. በእስር ቤት በረኃብ ተጎሳቁሎ መሞቱ ነው። በእኛም አገር ይህን የዘር ሀብት የሚጠብቅ ማእከል በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ሥራውን ይሠራል።

ዘሩ ከምድር ቢገኝም ዘሩን ወደ ጥበብ የለወጠው ጾም ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ጾመ ሐዋርያት እንደ ፋሲካው አዋዋል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ጾመ ገሃድም አለ። በነዚህ ላይ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር ለምእመናን ሁሉ ከ180 ቀን በላይ፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ይደነግጋል። ስለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቤት ከዓመቱ እኩሌታውን ያህል ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል መኖር አለበት።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሕዝቡን ጾም በአድናቆት ጽፎታል። በዐቢይ ጾም ሰው ሁሉ በእንጀራና በውሃ እንደሚጾም የጻፈው ቃል የታወቀ ነው። በገዳማትም የበለጠ ጽናት አለ፤ የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው ቋርፍ በሚባለው ከሙዝና ከሥራ ሥር በሚዘጋጀው ምግብ ይኖራሉ። ነገር ግን በቤቱ ልጅ የሚያሳድግ፣ በማለዳ ተነሥቶ የሚያርስና እንጨት የሚፈልጥ ሰው በእንጀራና በውሃ ብቻ ዓመቱን ሊገፋ አይችልም። እዚህ ላይ ነው የኢትዮጵያ ሴት ልጅ ብልኀቷን ያሳየችው። ቅቤ ሲከለከል የቅቤን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረባትና ፈልጋ አገኘችው።

በመጀመሪያ ቅባት የሚሰጡትን እህሎች ያዘች። ኑግን አምሳ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ ዘይቱን አወጣች፤ ይህም ቅባ ኑግ የሚባለው ነው። ሱፍንም ፈትጋ፣ አልማ፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለች፤ የሚወጣውም ነጭ ፈሳሽ ለዓይን እንደ ወተት ሆኖ ፍትፍት ይፈተፈትበታል። ተልባም እንዲሁ። ሁለተኛም ሽንኩርቱን አሠለጠነች። ሽንኩርት ያለ ዘይት በደረቅ ምንቸት፣ በቀስታ እሳት፣ ማማሰያ ሳይለየው ሲቁላላ የራሱን ጣዕም ያወጣና ለወጡ አካል ይሆናል። ቁሌቱን ያልታገሠ ወጡን አያጣፍጥም የሚሉት ባልቴቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሦስተኛም ጥራጥሬውን በየመልኩ ለወጠችው፤ ምስሩን ቀይ ወጥ፣ አተሩን ክክ አልጫ፣ ባቄላውን ስልጆና እልበት አደረገችው። ምስርን ቀቅላ ቀዝቀዝ ሲል በሰናፍጭ ለውሳ አዚፋ አለችው። የሽምብራንም ዱቄት አቡክታ፣ በዓሣ መልክ ቀርጻ፣ ጠብሳ በቁሌት ውስጥ ጨመረችውና «የሽምብራ ዓሣ» ብላ ሰየመችው። ባሕር በሌለበት ደጋ፣ ከሽምብራ ዓሣ ያጠመደች ሴት ከቶ እንደምን ያለች ናት!

ከሁሉ በላይ ግን ሽሮን አሰበች። የሽሮ ነገር ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ለሚሠራው ግን የብዙ ቀን ድካም ነው። ሽምብራው ወይም አተሩ ወይም ባቄላው ተለቅሞ ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለባው ይነፋል። ከዚያም ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙድ፣ ከበሶብላና ከጨው ጋራ ይመጠናል። «ምጥን» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ተፈጭቶም ለወራት ይቀመጣል። እንግዳ በድንገት ቢመጣ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ርቦት ቢገባ፣ ጥቂት ሽንኩርትና ውሃ ካለ ወጡ ወዲያው ይደርሳል። ይህን ስናስብ፣ ዛሬ የውጭ አገር ፋብሪካዎች በቶሎ የሚደርስ ምግብ ሠራን ብለው የሚያስታውቁትን፣ እናቶቻችን አስቀድመው በእንስራና በቅል ሞልተው አስቀምጠውት እንደ ነበረ እንረዳለን።

የዛሬው የጾም ማዕድ ግን ሁሉም ከጥንት የወረደ አይደለም። ቀዩን ወጥ ቀይ ያደረገው በርበሬ ራሱ እንግዳ ነው። የዚህ ተክል አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1485 ዓ.ም. ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው። ከዚያ በፊት የነበሩት አባቶቻችን የሚያቃጥለውን ጣዕም ከቁንዶ በርበሬ፣ ከዝንጅብልና ከሰናፍጭ ያገኙ ነበር እንጂ ዛሬ የምናውቀውን ቀይ ወጥ አላዩትም። ቢሆንም አገሩ በርበሬን እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበለው፤ ዛሬ በርበሬ የሌለበት ኢትዮጵያዊ ጓዳ ለማሰብ እንኳ ያስቸግራል።

ድንችም እንደዚሁ ከአሜሪካ የፈለቀ ነው። ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው በ1829 ዓ.ም. መጥቶ፣ በትግራይ አግብቶ ወልዶ፣ በ1871 ዓ.ም. በዓድዋ እስኪሞት ድረስ እዚሁ የኖረ ሲሆን፣ ድንችን በ1850 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተከለ ይነገራል። ገበሬው ግን አዲሱን ሥራ ሥር ወዲያው አልወደደውም። እንዲወደው ያደረገው ክፉ ቀን ነው።

ይህ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ነው። ለኢጣልያ ጦር በምፅዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋራ የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ገባ፤ በጥቂት ዓመትም ከአገሩ ከብት ከመቶ ዘጠና የሚደርሰውን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ፤ ማረስ ሲቀር እህል ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ሲጨመሩበትም የሕዝቡ ሲሶ እስኪያልቅ ድረስ ደረሰ የሚሉ አሉ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በሬ የለኝም ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ፣ ራሳቸው ዶማ አንሥተው መሬት በመቆፈር አርአያ መሆናቸው ተጽፏል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ሥጋውም ቅቤውም ወተቱም በአንድ ጊዜ ከጠፋ፣ በሬ የሚፈልገውም እርሻ ከቆመ፣ ለሰው የቀረለት በዶማ ሊቆፈር የሚችለው የጓሮ መሬት ብቻ ነው። ጎመንና ዱባ፣ በእንሰት አገርም እንሰት፣ በዚያ ጊዜ የነፍስ ማቆያ ሆኑ። ድንችም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በገበሬው ጓሮ እየተስፋፋ ሄደ። የከብት ደስታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው ከብዙ ዘመን በኋላ በ2003 ዓ.ም. ነው።

የዚህ ማዕድ ታሪክ ሁሉ መልካም ብቻ ነው እንዳንል ደግሞ የጓያ ነገር ያግደናል። ጓያ ድርቅ የሚችል፣ ውሃ የተኛበት መሬትም የማይበግረው ጥራጥሬ ነው። በመከራ ዓመት ሌላው ሲደርቅ እሱ ይቆማል። ስለዚህም ድኻው ይዘራዋል፤ ሽሮም ቂጣም ያደርገዋል። ነገር ግን ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለሁለትና ለሦስት ወር የበላ ሰው፣ በውስጡ ያለው መርዝ ሥረ ነርቩን ጎድቶት እግሩ ሊሰለል ይችላል፤ የሰለለውም እግር አይመለስም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በጎንደር በደንብያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹም መጨረሻ በወሎ በደላንታ ዳውንት ብዙ ወጣቶች በዚህ ሕመም ከዱላ ጋራ ቀርተዋል። የገጠር ሰው ጉዳቱ ከእንፋሎቱ ነው ይል ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን ከመብላቱ መሆኑን አረጋግጠዋል። ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላም እህልና ጥራጥሬ ጋራ ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ከዚህ የምንማረው አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ የእናቶቻችን ማዕድ ኀይሉ በመደባለቁ ነው። ጤፍ ከምስር፣ ገብስ ከባቄላ፣ ማሽላ ከጎመን ሲገናኝ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ድህነት ሰውን በአንድ እህል ላይ ብቻ ሲጥለው ግን ያው እህል ጠላት ይሆናል።

ይህ ጥበብ የደጋው ክርስቲያን ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት አይገባም። ጉራጌ ጎመኑን አድቅቆ እንደ ክትፎ ሠርቶ ከቆጮ ጋራ ያቀርበዋል። የኮንሶ ሰው የሽፈራውን ቅጠል በእርከኖቹ መካከል ተክሎ፣ ከማሽላ ከሚድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋራ ቀቅሎ በየቀኑ ይመገበዋል። እስላሙም ወገናችን ሽሮውንና ምስሩን የሚያውቀው እንደ ክርስቲያኑ ነው።

ከተማዎች ሲስፋፉ ደግሞ አዲስ አትክልት ገባ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ ፎሶልያ፣ ቆስጣና ሰላጣ ከውጭ አገር ሰዎች የአትክልት ቦታ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ድስታችን መጡ። ስማቸው ራሱ መንገዳቸውን ይነግረናል፤ ቆስጣና ሰላጣ የኢጣልያንኛ ቃላት ናቸው፤ ፎሶልያም ከግሪኮችና ከዐረቦች ቋንቋ የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ በፒያሳ ለብዙ ዘመን የቆየው አትክልት ተራ የዚህ ለውጥ ምስክር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ መዛወሩ ይታወሳል። የከተማዋም ወጥ ቤቶች አሮጌውንና አዲሱን በአንድ እንጀራ ላይ አስማምተው በያይነቱ የሚባለውን አቀረቡልን። በበያይነቱ ላይ የአክሱም ምስርና የአሜሪካ ድንች፣ የአገራችን ጎመንና የኢጣልያ ቆስጣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ታሪክን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ዓርብ ቀን በያይነቱ ይዘዝ።

ይህም ማዕድ ባሕር ተሻግሯል። ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ሲከፍቱ፣ ሥጋ የማይበሉ አሜሪካውያን ሽሮውንና ምስሩን ፈልገው ይመጡ ጀመር። በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤልም የእንጀራና የወጥ አሠራራቸውን ይዘው ሄዱ። እኛ በቤታችን «ዛሬም ሽሮ ነው?» እያልን የምናማርርበትን ምግብ ሌላው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ አመስግኖ ይበላዋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ እንናገር። እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ምሳችን ሽሮ እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት ግን የሽሮውን ቤት ደጃፍ እንዳላየን ሆነን እናልፋለን። ከጓደኞቻችን አንዱ በቤቱ እንግዳ ጠርቶ በሽሮ ቢያስተናግድ አምቶት የማይውል አይኖርም። እኛም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበርን። እንግዲህ የጎመኑን ምንቸት «ውጣ» የሚለው ልማድ ከመስቀል ችቦ ወጥቶ በየወሩ ደመወዝ ላይ ገብቷል ማለት ነው።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ወደ እናታችን ቤት ሄደን ነበር። እናታችን በዕድሜ ገፍተዋል፤ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በልጅነታችን የቀመስነውን ሽሮ የመሰለ ከየትም አጥተን ስለ ነበረ፣ ወረቀትና እርሳስ አውጥተን «እማዬ፣ የምጥኑን ልክ ይንገሩን፤ ለአንድ ቁና ሽምብራ ስንት በርበሬ፣ ስንት ኮረሪማ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ በእጄ ነው እንጂ በቁጥር መች አውቀዋለሁ? ከእናቴ ጎን ተቀምጬ እጇን እያየሁ ነው የተማርሁት። አንተ ደግሞ መቼ ተቀምጠህ አየህ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በትምህርት ቤት ብዙ ዓመት የተቀመጥን ሰዎች ከእናታችን ምድጃ ጎን ግን አንድ ቀን አልተቀመጥንም። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት አይገባም እየተባለ አደግን፤ እኅቶቻችንም ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ሄዱ፤ መሄዳቸውም ተገቢ ነው። በመካከሉ ግን ያ የእጅ ዕውቀት ወራሽ ሳያገኝ ቀረ።

በማግስቱ እንደ ተማሪ ተቀመጥን። እሳቸው በእፍኛቸው ሲጨምሩ እኛ እፍኙን በሚዛን እየመዘንን ጻፍን። ሽምብራው ሲታመስ መልኩ ምን ሲመስል እንደሚወርድ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ደርቆ ሳያልቅ ለምን እንደማይፈጭ፣ በሶብላው ቢበዛ ምን እንደሚያመጣ ጠየቅን። ሦስት ቀን ፈጀብን። አንድ ነገር ብቻ ሊጻፍ አልቻለም፤ እሱም ሽታውን አሽትተው «አሁን ደረሰ» የሚሉበት ጊዜ ነው። ይህን ለመማር ደጋግሞ ከአጠገባቸው መቀመጥ እንደሚያስፈልግ ተረዳን፤ ጊዜውም ብዙ እንዳልሆነ ከእጃቸው መንቀጥቀጥ አወቅን።

እየጠፋ ያለው የምጥኑ ልክ ብቻ አይደለም። የኑግ አገር ሆነን ሳለ በከተማ ድስታችን ላይ የምናፈሰው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ሆኗል። ስልጆንና እልበትን በስም እንኳ የማያውቁ የከተማ ልጆች ብዙ ናቸው። የሱፍ ፍትፍት ከጾም ማዕድ እየራቀ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ ምድጃችን በኤሌክትሪክ፣ ምንቸታችንም በብረት ድስት ቢለወጥ፣ በውስጡ የሚገባውን የሚያውቅ እጅ ከሌለ ምንም አይጠቅመንም። አንዲት ባልቴት ስትሞት አንድ ምጥን አብሮ ይቀበራል፤ ያም ምጥን የሺህ ዓመት ሙከራና ስሕተት፣ የረኃብ ዘመን ፈተናና የጾም ዘመን ትዕግሥት ያበሰለው ነው።

የምንመክረውም ከባድ ነገር አይደለም። ማንም ሰው እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ካሉለት፣ በሚቀጥለው ጾም ወረቀትና ሚዛን ይዞ ከጎናቸው ይቀመጥ፤ ወንድ ነኝ ብሎም አይፈር። በቤቱ ጓሮ ስንዝር መሬት ያለው ሰው ጎመን ይትከል። ደመወዝ በወጣ ማግስትም እንግዳውን በመልካም ሽሮና በመልካም ምስር ለማስተናገድ አይሸማቀቅ። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉት ሥጋ አጥተው ብቻ አይደለም፤ ጎመን ያሻገራቸውን ክረምት ስለሚያውቁ ነው።

እኛም በመጪው መስቀል ችቦው ሲበራ የገንፎውን ምንቸት ግባ እንለዋለን፤ አዲስ እህል ደስታ ነውና። የጎመኑን ምንቸት ግን ውጣ ለማለት ከእንግዲህ አንደፍርም። አጥበን፣ አድርቀን፣ በመደርደሪያው ላይ በክብር እናስቀምጠዋለን። ሐምሌ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።